የምጥ ውል

ሰውየውን በሰነድ ማረጋገጫ ቢሮው ሰው ሁሉ የሚጠራው «ይጎድላል» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ባለጉዳዮች ናቸው፤ እኔ አልፈርድባቸውም። ሥራው ሰነድ መመርመር ነው። የቤት ሽያጭ ይሁን የውክልና ወረቀት፣ ፊቱ ሲቀመጥ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርድና ከላይ እስከ ታች አንብቦ «አንድ ነገር ይጎድላል» ይላል። ደግሞ አይሳሳትም፣ ይጎድላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን «ይሁን፣ እኔ እወስናለሁ» ብሎ ያሳለፋት አንዲት ወረቀት የለችም። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ የሚያየው መፈረሙንና አለመፈረሙን ብቻ ነው።

ሚስቱ የእሱ ተቃራኒ ናት። መኪና መንዳት ታስተምራለች። ከተማሪው ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አድርጋ ስትውል የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲደነግጥ ፍሬን የያዘ እየመሰለው ነዳጅ እንደሚረግጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሊወለድ አንድ ወር ሲቀረው አዋላጇ ሁለቱንም አስቀምጣ የሕመም ማስታገሻውን ዓይነት አስረዳቻቸው። የሚሳብ ጋዝ አለ፣ ጭን ላይ የሚወጋ አለ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ አለ፣ ሙቅ ውኃና ማሸትም አለ። ሚስትየው ሁሉንም በጥሞና ሰምታ፣

«ማሸቱ ይበቃኛል» አለች።

«ምጡ ሲመጣ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ» አለቻት አዋላጇ።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው!»

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቷ አምስት ልጆች ወልደዋል፤ አምስቱንም ሲወልዱ ጎረቤት ድምፃቸውን አልሰማም። እኔ ይህን በምን አወቅሁ? የማያውቅ የለማ! ሠርግ ላይ ተነግሯል፣ ለቅሶ ላይ ተነግሯል፣ አንድ ጊዜማ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሰው ተነግሯል። ይህን እየሰማች ያደገች ልጅ በምን አፏ «መርፌ አምጡልኝ» ትበል?

እናም ቤት እንደገቡ ባሏን ወረቀትና ብዕር አስያዘችው። «ጻፍ። ምጥ ላይ ሆኜ መርፌ ስጡኝ ብል አትስማኝ። ባለቅስም አትስማኝ። ብሳደብም አትስማኝ።»

ባልየው ሙያው መጣለትና በሦስት ቅጂ አዘጋጀው። አንቀጽ ሁለት፣ «ተዋዋይዋ በምጥ ላይ ሳለች የምትሰጠው ማናቸውም ቃል፣ ልመናና ዛቻ ጭምር፣ እንዳልተነገረ ይቆጠራል» ይላል። አንቀጽ ሦስት ደግሞ፣ «አእምሮዬ ጤነኛ ነው ብላ ብትምልም ያው ነው» ይላል። ይህችን ያስጨመረችው ራሷ ናት፤ ራሷን ታውቃለቻ። አማቱ በምስክርነት ፈረሙ፣ ያውም እየተጎማለሉ።

«ልብ አድርግ» አለችው ሚስቱ ብዕሩን እየከደነች። «ብትሰማኝ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልህም።»

ምጡ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሦስቱም ሐኪም ቤት ገቡ። እስከ አራት ሰዓት ሁሉም እንደ ውሉ ሄደ። እሱ ወገቧን ያሻል፣ እሷ ትቆጥራለች፣ በየመሃሉም «ወደ ግራ! ግራ አልኩህ! ግራህን አታውቅም እንዴ?» ትለዋለች። አራት ተኩል ላይ መቁጠሩን ተወችው። አምስት ሰዓት ሲሆን አንገትጌውን ጨብጣ ወደ ፊቷ ሳበችው።

«መርፌውን ስጧት በላቸው።»

«አንቀጽ ሁለት እኮ...» አለ።

እዚህ ላይ የመለሰችለትን እኔ አልደግመውም። እሱን ብቻ ብትሰድብ ደግ ነበር፤ ሰነድ መርማሪ የተባለን ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ነው የጠራረገችው። አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ሲስተር፣ ውል አለን» አለ ይጎድላል፣ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ እያወጣ።

«ጌታው፣ እዚህ ቤት የምንሰማው አልጋው ላይ ያለችውን ነው» አለችውና ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ የጀርባውን መርፌ ትፈልጊያለሽ? ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም እዚሁ ነው። ፈርሚልኝና ልጥራው።»

ሚስቱ ብዕሩን ተቀበለች። አንድ ምጥ መጣ፣ ሄደ። ብዕሩ ቅጹን ሳይነካ እጇ ላይ ቀረ። በሩን አየች፤ ከበሩ ማዶ እናቷ ተቀምጠዋል።

«እሱ ይበል» አለች በቀጭን ድምፅ። «እሱ ካለ እፈርማለሁ።»

በሉ እንግዲህ! ቢሰማት ዕድሜ ልኳን ይቅር አትለውም፤ ባይሰማትም ዕድሜ ልኳን ይቅር አትለውም። ሌላው የወሰነውን ሲመረምር የኖረ ሰው፣ ውሳኔ እግሩ ድረስ መጣለት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንድ ጊዜ ምስክሯን አማክሬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ምስክሯን! እዚያው ብታንቁትስ ማን ይፈርድባችኋል?

አማቱ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ መርፌውን ፈልጋለች። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ የእርስዎ...»

«ትቻለው!» አሉ ሳያስጨርሱት። «እኔ አምስቱን ስወልድ...»

ከበሩ ጀርባ ልጃቸው ጮኸች። አማቱ ወሬያቸውን እዚያው ተውት። ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ቦርሳቸውን አጥብቀው አቀፉ።

«እኔ እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፎጣ ነክሼ ነው። አምስቱንም። ጎረቤት አልሰማም ማለት አላመመኝም ማለት መሰለህ?» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ምን እናድርግልሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ጉራ እነዛ ነበር? ጀግና ነሽ አሉኝ፤ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ሌላ የሰጡኝ ነገር የለማ።»

አንጀቱን በሉት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«አሁንም እኔን ትጠይቀኛለህ? የጠየቀችው አንተን! ግባ!» ብለው በቦርሳቸው ጀርባውን አቀመሱት።

ገባ። ሚስቱ ብዕሩን እንደጨበጠች ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ዓይኖቿ እሱን ይለምናሉ። እንዲህ ስትለምነው አይቷት አያውቅም። ፈራ፤ ግን ፍርሃቱ እንዳለ ተናገረ።

«አንቺ ትችያለሽ» አላት። «ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ለጠየቀሽ ሁሉ እሱ ነው በይ። ፈርሚ።»

ተቻኩላ ስትፈርም ፊርማው ከቅጹ ወጥቶ አንሶላው ላይ ደረሰ። ይጎድላልም አንድ ነገር ይጎድላል አላለም። ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሚስቱ አዋላጇን መንጃ ፈቃድ አለሽ የለሽም እያለች ታፋጥጣት ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። «እኔማ እችለው ነበር» ትላለች ሚስቱ ለመጣው ሁሉ፣ «ያቃተው እሱ ነው!» ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያቃተኝ» ይላል እሱ፤ እሷም በብርድ ልብሱ ሥር እጁን ጭምቅ ታደርገዋለች።

አንዲት ጎረቤት ወደ አማቱ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ግን አምስቱንም እንዴት ቻሉት? እውነትም ጀግና!» አለች። አማቱ የለመዱትን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሕፃኗን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ኧረ አሞኝ ነበር» አሉ። «በጣም ነው ያመመኝ።»

ልጃቸው ሕፃኗን ለባሏ አቀበለችና አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«እንዴት ነበር እማዬ? ንገሪኝ እስቲ።»

አማቱ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ልጅ ጀመሩ።