ሰባት ጊዜ ማለቅለቅ

ላቦራቶሪው ውስጥ «ጋሼ መስታወት» ነው የሚሉኝ፤ ያጠብኩት ብልቃጥ ፊት ያሳያል ብለው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ልጆቼ፣ በብልቃጥ አጠባ የሚስተካከለኝ የለም እል ነበር። እል ነበር፤ እንዴት እንደተውኩት ላውጋችሁ።

በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል አንዲት ወጣት ተመራማሪ አለች። ቀኑን ሙሉ በቀጭን መርፌ ጠብ፣ ጠብ ስታደርግ ስለምትውል «ጠብታ» ብዬ አወጣሁላት፤ ስሙም እላይዋ ላይ ቀረ። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ የካንሰር መድኃኒት ሰውነትን ሁሉ ይዞራል፤ የታመመውንም ጤነኛውንም ይመታል። ጸጉር የሚረግፈው ለዚህ ነው። እኔ መድኃኒቱን የሚሸከም በዓይን የማይታይ ቅንጣት እየሠራሁ ነው።»

«ከምን?»

«ከሽሪምፕ ቅርፊት፤ በባሕር ዳር አገር ሰዎች ከሚበሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ።»

«ኧረ ልጄ! በልተው የሚጥሉትን?»

«ሰው ይጥለዋል እንጂ ሰውነት አይጠላውም። ሥራውን ሲጨርስ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ላዩ ላይ ደግሞ አንድ ቫይታሚን እለጥፍበታለሁ። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ለዚያ ቫይታሚን ስግብግብ ናቸው፤ እሱን አገኘን ብለው ሲውጡ መድኃኒቱንም አብረው ይውጡታል።»

«አታለልሻቸው በይኛ!»

«እስካሁን አላታለልኩም ጋሼ። ገና እየሞከርኩ ነው።»

መጀመሪያ ላይ ሥራዋ መልካም ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ስስ ወተት ደብዘዝ ማለት ሲገባው፣ እንደ ተበላሸ ወተት ይጓጉላል። የጓጎለ ቅንጣት ደግሞ ትልቅ ነው፤ በደም ሥር ገብቶ የትም አይደርስም። አንዴ ጓጎለ፣ ሁለቴ ጓጎለ፣ ሦስቴ ጓጎለ። አርብ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። አንድ ንጹህ ውጤት ካላሳየቻቸው ሥራው ይዘጋል፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል። የአራት ዓመት ልፋቷ ማለት ነው።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን አያርፍም። ወደ ብልቃጡ አጮልቆ አየና «ሾርባ ከሆነ ጨው ጨምሪበት» አላት።

«ጨው አልጎደለውም» አለች ቀና ሳትል። «የጎደለውን አገኘዋለሁ።»

«እጅሽ ይሆናላ! የሌሎቹ ሥራ በዚሁ ዕቃ፣ በዚሁ ውሃ ደህና ነው።»

እኔ እቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ምንም ልረዳት የማልችል መስሎኝ፣ ብልቃጦቿን ይዤ እንደገና ፈተግኋቸው።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጉልበቷን አሟት ስለነበር ሻዩን እኔ አፈላሁ፤ ብርጭቆዎቹንም እኔ አጠብኩ። አንዴ ፉት አለችና ፊቷን ቋጠረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳሙና ነው እንዴ ያጠጣኸኝ?»

«ብርጭቆውን አላየሽም? እንዴት እንደሚያበራ!»

«ያበራል! በሳሙና ተቀብቶ ምን ያድርግ? እዚያም እንዲህ ነው የምታጥበው? ምስኪኖቹን!»

ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ግምገማው እንደቀረበ ስሰማ፣ የጠብታን ብልቃጦች ለብቻ ለይቼ ማጠብ ጀመርኩ። ለሷ ስል የዱቄት ሳሙናውን እጥፍ አደረግኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አራት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ ይለቅለቅ» ይላል። የውሃ ማጣሪያው ግን አርጅቶ እያለቀሰ ነው የሚሰጠው፤ እሷም ለሥራዋ ጄሪካኑ እስኪሞላ ቆማ ስትጠብቅ አያታለሁ። ውሃው ለሷ ይትረፍ ብዬ የሷን ብልቃጦች ሁለቴ በቧንቧ ብቻ አለቅልቄ እተዋቸዋለሁ። ብልቃጡ እንደሆነ ያበራል!

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜያት ልገባ ነበር፤ ቀድማኝ ገብታለች። አለቃችንም አጠገቧ ቆሟል። እግሬ ወደ ኋላ ሊመልሰኝ ፈለገ። ጋሼ መስታወት መባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን መርፌዋን ስታነሳ አየሁና «ቆይ ልጄ፣ እንዳትጀምሪ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሙናውን፣ ውሃውን፣ ሻዩንም ሳይቀር።

አለቃችን ፊቱ ቀላ። «እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አሉ?»

«አላወቅኩም ነበር ጌታዬ። አሁን አወቅኩ፤ አሁን ተናገርኩ።»

ጠብታ እኔ ካጠብኳቸው አንዱን ብልቃጥ አነሳች፤ ከካርቶን ደግሞ አዲስ አወጣችና በተጣራ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀችው። በሁለቱም ጥቂት የተጣራ ውሃ ጨመረች፤ ከዚያ ከቅርፊቱ ከተሠራው ፈሳሽ አንዳንድ ጠብታ። አዲሱ ጥርት እንዳለ ቀረ። በኔው ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየተጠማዘዘ ወረደ።

«ፎስፌት» አለች ቀስ ብላ። «ሳሙናው ውስጥ ያለ ነገር ነው። እኔ ቅንጣት እንዲሆን በልክ የማስረውን ፈሳሽ እሱ ቀድሞ ያለ ልክ እያሰረ ያጓጉልብኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። ልትቆጣኝ ነው ስል ፎጣ ወረወረችልኝ። «በሉ ጋሼ፣ ስንት ነው የሚለቀለቀው?»

«ሰባት።»

«ጮክ ብለው ይቁጠሩልኛ!»

ጎን ለጎን ቆመን አጠብን። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሷ ታፈሳለች። ማጣሪያው ሲያለቅስብን አለቃችን እያጉረመረመ ሄዶ ከጎረቤት ክፍል ሁለት ጄሪካን የተጣራ ውሃ ተሸክሞ መጣ። «ሾርባው ካማረ እኔም ድርሻ አለኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ጀመረች። ብልቃጡ ውስጥ ፈሳሹን የሚያማስለው ማግኔት ይሽከረከራል፤ እሷ ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። ጥርት ያለው ውሃ ደብዘዝ አለ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ወተት ሆነ። እዚያው ቆመ። ጓል የለም። የቅንጣቱን መጠን ወደሚለካው ማሽን አስገባችውና ቁጥሩን አነበበች፤ አንድ መቶ ሰማንያ ናኖሜትር። አንድ ጸጉር ስፋቱ ከአራት መቶ ቦታ በላይ ቢከፈል አንዱ ያህል ነው አለችኝ። ሁለተኛ ሠራች፣ ሦስተኛ ሠራች፤ ያው ሆነ።

አርብ ገምጋሚዎቹ «ሦስት ሳምንት ምን ሆነሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት። በሩ ጋ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ደብተሯን ገለጠች። «የዕቃ አጠባ ስህተት ነበር። ስህተቱን ያገኙት የአጠባ ኃላፊያችን ናቸው» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ማን እንደፈጠረው አልጠየቁም፤ ጠይቀው ቢሆን እኔው እነግራቸው ነበር።

አንድ ዓመት ጨመሩላት። መድኃኒት ሆነ እያልኳችሁ አይደለም ልጆቼ፤ ገና በሴል፣ ከዚያ በአይጥ ይሞከራል፣ መንገዱ ረጅም ነው። እሷ ግን ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገብታ አገኘኋት። ብልቃጦቿን ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ጮክ ብዬ «አንድ» አልኩ።