አባዱላው የቆመበት መሬት

የግቢያችን መሬት በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰመጠ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ሰው አልጠራም አልኩ። መጀመሪያ ቀይ አፈር ሞላሁበት፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ በመጨረሻ ከፎንቆ ከተማ ድንጋይ ጭኜ አምጥቼ ደለደልኩት። በነጋታው ተሳፋሪ የማመላልስበት አባዱላዬ የኋላ ጎማው እዚያችው ቦታ ላይ እስከ ግማሹ ገባ።

«ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል» አለች ባለቤቴ ፈቲያ። በዚያ በኩል ቧንቧ አልፎ አያውቅም። አይጥ ነው አልኳት።

«የምን አይጥ ነው ጎማ የሚውጠው?» ብላ ሳቀችብኝ።

መልስ የነበራት እናቴ ብቻ ናት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ በየቀኑ «መኪናህን ከቆጮዬ ላይ አንሳ» ትለኛለች፤ አንዴ በሀዲይኛ፣ አንዴ በአማርኛ። ማን ይሰማታል? ልጇ ሪያድ መሆኔን ረስታ በሟቹ አባቴ ስም ከማል እያለች ትጠራኛለች፤ ምሳ በልታ ስትጨርስ ምሳ ትጠይቃለች። ደግሞ እዚያ የነበረውን እንሰት ለመኪና ማቆሚያ ብዬ ካስነቀልኩት አራት ዓመት አልፎታል።

ቅዳሜ እህቴ ዛሂራ ከሀደሮ መጥታ እናቴን ወደ ቤቷ ልትወስዳት ተነጋግረናል። «አንተ መንገድ ላይ ነህ፣ ፈቲያ ሱቅ ትውላለች። እማ ብቻዋን ወጥታ ብትጠፋስ?» ስትለኝ እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ጀምሮ ግን የማስበው በረንዳዋን ነው። ከሥራ ስገባ ያ በረንዳ ባዶውን ሊጠብቀኝ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ቀረሁ። ያናደደኝ ጉድጓዱ ይሁን ቅዳሜው እንጃ፤ ዶማና አካፋ ይዤ ገባሁበት። የገዛ ድንጋዬን እየተራገምኩ አወጣሁ፣ ጠጠሩን፣ አፈሩን። ጉልበቴን ሲያልፍ ዶማው ለስላሳ ነገር ነካ። የጠቆረ የእንሰት ቅጠል ነው፣ ድርብርብ። ከላዩ አንዱን ብገልጠው የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ቆጮ! እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረሁ።

በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅም ሲቀበርም ወንድ አጠገቡ አይደርስም፤ ሴቶቹ የት እንደቀበሩም አይጠይቅም። ተወልጄ ባደግኩበት ግቢ፣ ምን ላይ እንደቆምኩ ሳላውቅ አራት ዓመት ሙሉ መኪና አቆምኩበት።

ቀና ስል እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከበላዬ ቆማለች። «ውጣ! ወንድ እጁን አይሰድበትም።»

ወጣሁ። ፈቲያን ጠራቻትና ከላይ የተበላሸውን ገፍታ ከሥር ነጩን እንድትቆነጥር አዘዘቻት። ፈቲያ ቆንጥራ ሰጠቻት። እናቴ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው።

«ጥሩ አድርጎ ደርሷል» አለች። «ቅጠሉ ግን በስብሷል፣ ለዚህ ነው የሰመጠው። አዲስ ይልበስ።»

«መቼ ነው የቀበርሽው እማ?»

«መኪናውን ልታመጣ አዲስ አበባ የሄድክ ጊዜ ነዋ። ያስነቀልከውን እንሰት ምን ያደረግኩት መስሎሃል? ከጎረቤቶቼ ጋር ፍቀን ቀበርነው። መኪና ብረት ነው፣ አንድ ቀን ይቆማል። የቆመ ቀን ልጆችህ እንዳይርባቸው ብዬ።»

አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሚስቴ ፊት ነው፣ አላፈርኩም።

ከዚያ ዛሂራ ጋ ደወልኩ። «ነገ ነይ፣ ግን ቆጮ ለመብላት ነው የምትመጪው። እማ የትም አትሄድም።»

«ማን ይጠብቃታል?»

«እኔ። ጠዋት ጠዋት ረዳቴ ሚፍታህ ይነዳልኛል፤ ከሰዓት ፈቲያ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች።»

ዛሂራ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። «ቅቤውን እኔ ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ።

አባዱላውን አውጥቼ ከአጥር ውጭ አቆምኩት። ፈቲያ ከጎረቤት የእንሰት ቅጠል ለምና መጣች፤ እናቴ በረንዳዋ ላይ ሆና እንዲህ አድርጊው፣ እንዲያ አድርጊው እያለች አስለበሰችው። እኔ ዘወር በል ስለተባልኩ አጥሩ ሥር ቆሜ በሩቁ አያለሁ።

ሥራው ሲያልቅ እናቴ ዞር ብላ ፈለገችኝ።

«ከማል!» ብላ ጠራችኝ።

«አቤት» አልኳት፤ ሄጄም አጠገቧ ተቀመጥኩ።