መሪማ የሰጠችው፣ ውበቴ የመለሱት ቤት

ሰገነት ቢቸና ላይ ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርታ ወደ ሞጣ ስትዛወር፣ ከሁሉ አስቀድማ የፈለገችው ቤት ነበር። ብዙም ሳትደክም አገኘች። ከሊፋ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ፣ ከሟች እናቱ ከመሪማ የወረሰውን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ይሸጣል። አየችው፣ ወደደችው፣ በዋጋም ተስማሙ። የቀረው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ስም ማዛወር ብቻ መሰላቸው።

የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ስጦታው ይባላል፤ ንግግሩ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ከሊፋ የወራሽነት ማስረጃውንና በእናቱ ስም የተቆረጡ የግብር ደረሰኞችን አቀረበለት። ስጦታው ከመዝገብ ቤት አንድ ያረጀ ፋይል አስመጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና ቀና አለ።

«አቶ ከሊፋ፣ ወለተ ገብርኤል ማናት?»

«ማን?»

«ቤቱ በ1968 ዓ.ም. የተመዘገበው በወለተ ገብርኤል ስም ነው። እናትዎ ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል እንጂ የትም ቦታ ባለቤት ተብለው አልተጻፉም።»

ከሊፋ ፋይሉን ወደ ራሱ አዙሮ አየ። ስሙ አለ። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል። የትውልድ ቦታ በሚለው ፊት ለፊት «ቢቸና» ተብሎ ተጽፏል።

«እኛ ሙስሊሞች ነን» አለ ግራ ገብቶት። «እናቴ እዚያ ቤት ወለደችኝ፣ እዚያው ሞተች። ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም።»

«እንግዲህ ሴትዮዋ ወይም ወራሾቿ ይቅረቡ። አለዚያ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል።»

ደጅ ሲወጡ ከሊፋ፣ «እህቴ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ፤ በእኔ ጣጣ አትጉላዪ» አላት። ወንድሟ ባንተአምላክም በስልክ ያላት ይህንኑ ነው። «ባለቤቱ ያልታወቀ ቤት ገዝተሽ ዕድሜሽን ፍርድ ቤት ልትጨርሺ ነው? ተዪው» አለ። እሷ ግን መተው አልቻለችም። ከቤቱ ይልቅ ሴትዮዋ ሐሳቧን ያዘቻት። የቢቸና ክርስቲያን ስም በሞጣ ሙስሊሞች ቤት ላይ እንዴት ሰፈረ? ባለቤት ከሆነችስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ነበረች?

ቅዳሜ ዕቃዋን ልታሰናዳ ቢቸና ስትመለስ ቄስ ገብረ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝታ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ሳቁ።

«ልጄ፣ እዚህ ቆመሽ ወለተ ገብርኤል ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ሴት አቤት ይልሻል። የክርስትና ስም እኮ ነው። ሰው በክርስትና ስሙ አይፈለግም፤ የቤት ስሟን አግኚ።»

እዚያው እንደቆመች ለከሊፋ ደወለች።

«ጋሼ ከሊፋ፣ ስሙን ይተዉትና፣ ልጅ ሳሉ ቤታችሁ የነበረች ክርስቲያን ሴት ትዝ ትልዎታለች?»

«አንዲት ነበረች» አለ ከሊፋ። «የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ ጥጥ የምትፈትል፣ ውበቴ የምትባል። ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። ኋላ ባል አግብታ ሄደች። ወዴት እንደሆነ ግን እንጃ።»

ቢቸና ሰፊ ከተማ አይደለችም። ሰገነት በጤና ጣቢያው የምታውቃቸውን እናቶች ስትጠይቅ ሰንብታ፣ በሦስተኛው ቀን ከከብት ገበያው በላይ አንድ ግቢ አደረሷት። አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ከፀሐይነሽ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ ውበቴ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

«ምነው፣ ፍትሐት ልታስደርጊልኝ ነው? ገና አልሞትኩም እኮ» አሉ አሮጊቷ። «ወለተ ገብርኤል።»

«ሞጣ ላይ ቤት አለዎት?»

ምስሩ ላይ የነበረው እጃቸው ቆመ።

«መሪማ ሞተች ማለት ነው» አሉ።

ፀሐይነሽ እናቷን አየቻቸው፤ ስለ ቤት ሰምታ አታውቅም። አሮጊቷ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀስ ብለው አወሩ።

«ትርፍ ቤት የሚወረስበት ጊዜ ነበር። መሪማና ባሏ ሱቁ ያለበት ሌላ ቤት ስለነበራቸው ያኛው ሊሄድባቸው ሆነ። በእኔ ስም ይመዝገብ ተባለ። እኔ ፈራሁ። የእኔ ያልሆነውን የእኔ ነው ብዬ በሐሰት አልቆምም አልኳት። ሁለት ቀን አሰበችና፣ እንግዲያው ሐሰት አይሆንብሽም፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ሰጥቼሻለሁ አለችኝ። ባሏ ቆሞ እየሰማ። እኔም ሄጄ የክርስትና ስሜን አስጻፍኩ። እውነት ነበራ።»

«ከዚያስ?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ አግብቼ ወደዚህ ስመጣ፣ መሪማ፣ ቤትሽን መልሼልሻለሁ አልኳት። ተቀብያለሁ አለች። አለቀ። በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር አልገባም።»

በሳምንቱ ከሊፋ ራሱ ቢቸና መጣ። በመንገዱ ሁሉ ሴትዮዋ ቤቱ የእኔ ነው ቢሉ ምን እንደሚመልስ ሲያሰላስል ነበር። ሲያያቸው ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ፀጉሩ የሸበተውን ሰውዬ አገጩን ይዘው፣ «ወይ ከሊፋ፣ ያ ትምህርት ቤት አልሄድም ባዩ» አሉት። በማግስቱ ከሰገነት ጋር ሆነው በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄዱ።

ስጦታው ነገሩን ሁሉ አዳምጦ ቅጽ አወጣ። «ዝውውሩ ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ ወይስ ልዋጭ ይባል?»

«መመለስ ነው» አሉ ውበቴ።

«መመለስ የሚል ቅጹ ላይ የለም፣ እማማ። ስጦታ ብለን እንሙላው።»

«ስጦታ ከሆነ ሰጪዋ እኔ ልሆን ነው። የሰጠችው መሪማ ናት። የእሷን ደግነት በእኔ ስም አላስጽፍም።»

«ቃል ብቻ እኮ ነው።»

«ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ስጦታው።»

«በል እንግዲህ፣ ስጦታው አንተ ነህ፤ የእኔው መመለስ ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ፤ ስጦታውም አብሮ ሳቀ። ቅጹ ግን ባዶውን ቀረ። ሰገነት ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብላ ሌላ መንገድ እንዳለ ጠየቀችው።

«አንድ አለ» አለ ስጦታው። «አቶ ከሊፋ እማማን ይክሰሱ። እሳቸው ዳኛ ፊት ቤቱን ለመሪማ እንደመለሱ ይመኑ። ፍርዱን ይዛችሁ ከመጣችሁ ቅጹ ምን ይበል ምን አያስጨንቀኝም።»

ከሊፋ ከወንበሩ ተነሣ። «እሳቸውን ልከስ? እናቴ ያመነቻቸውን ሴት ቤታችንን ባተረፉልን ከሰሰ ልባል? አላደርገውም። ቤቱ ይቅር።»

«ተቀመጥ» አሉት ውበቴ። «ወረቀቱ ላይ መሪማ ሰጠቻት፣ እሷም መለሰች ተብሎ ይጻፋል ወይ?»

«ይጻፋል» አለ ስጦታው።

«እንግዲያው ክሰሰኝ፣ ልጄ።»

በቀጠሮው ቀን ከሊፋ ተከሳሿን ክንዳቸውን ደግፎ የፍርድ ቤቱን ደረጃ አወጣቸው። የነፍስ አባታቸው ውበቴና ወለተ ገብርኤል አንድ ሰው መሆናቸውን መሰከሩ። ዳኛዋ ክሱን ካነበበች በኋላ፣ «ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?» ስትላቸው፣ «አምናለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ክጄ አላውቅም» አሉ። ከሊፋ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

ውሳኔው እስኪጻፍ ውጭ አግዳሚ ላይ ሲጠብቁ፣ ሰገነት ስንት ቀን ያብሰለሰለችውን ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ቤቱ በስምዎ እንዳለ እያወቁ፣ ልውሰደው ብለው አስበው አያውቁም?»

«አላሰብኩም ብልሽ ዋሽቼሻለሁ። ባሌ የሞተ ዓመት ልጆቹን ይዤ ቸገረኝ። ልጠይቃት ብዬ እስከ ደብረ ወርቅ ሄጄ ነበር። እዚያ መኪና ስጠብቅ፣ ተቀብያለሁ ስትለኝ የነበረው ፊቷ መጣብኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አግብቼ ከወጣሁ ወዲህ ሞጣን ያየሁት ገና በዚህ ሰሞን ነው።»

ፍርዱ በወጣ በወሩ ቤቱ በከሊፋ ስም፣ ቀጥሎም በሰገነት ስም ተመዘገበ። ውበቴ ከፍርዱ በኋላ ወዲያው ወደ ቢቸና አልተመለሱም ነበር። የከሊፋ ሚስት ሀሲና አልለቅም ብላ፣ የጾም ወጥ ለብቻ እየሠራችላቸው አሥራ አምስት ቀን አቆየቻቸው። አንድ ከሰዓት በኋላም ከሊፋን አስከትለው መሪማ የተቀበረችበትን አይተው መጡ።