የኢድር አጥንት

እናቱ ያወጣችለት ስም ረድዋን ነው። አባቱ ማራካሽ ውስጥ ሥጋ ቤት አለው፤ ልጁም እዚያው ሲኖር ረድዋን ተብሎ ይጠራል፣ አቤት ይላል። ፈረንጆች ሊያስጎበኝ ይዟቸው መጥቶ የመኪናው መንገድ አልቆ በቅሎ የሚጫንበት ቦታ ስንደርስ ግን ኢድር ይሆናል። ኢድር የጥንት አባቶቻችን ስም ነው ይባላል። በኛ ሸለቆ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አንድም አላውቅም፤ ፈረንጆቹ ግን ይወዱታል።

ራሱ ላይ ሰማያዊ ጥምጥም ይጠመጥማል። ሰማያዊ ጥምጥም የበረሃ ሰዎች ነው፤ አገራቸው ከኛ ተራራ የብዙ ቀን መንገድ ነው። እኛ የሱፍ ቆብ ነው የምናደርገው፣ ብርድ ስለሆነ። ይህን አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር። "ቡጅምዓ፣ ለቆብ ማን ፎቶ ያነሳል?" አለኝ።

እኔ በቅሎ ነጂ ነኝ። ሥራዬ ሻንጣ መጫን፣ ማውረድና ዝም ማለት ነው። ሻንጣ አንዳንዴ ይወድቅብኛል።

በዚያ ሳምንት አራት የቤልጂግ ሰዎች ይዘን ከመንደር መንደር እያደርን የአምስት ቀን መንገድ ጀመርን። ሐሳቤ ግን አርባ ሦስቱ በጎቼ ጋ ነበር። የበረዶው ወራት ረዝሞ ገለባው አልቋል፤ ሰፈራችን አጠገብ ያለው ሣር ተግጦ ድንጋይ ሆኗል። የቀረን ተስፋ አግዳሉ ነው፤ ቀኑ ተቆርጦ እስኪከፈት ድረስ ከብት የማይረግጠው የላይኛው መስክ። ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በጎቼ ቀን አይቆጥሩም፤ እኔ እቆጥርላቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው እማማ ይጃ ቤት ነው። ፈረንጆቹ ከነጫማቸው እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ገቡ።

"ምነው ጫማቸውን ቢያወልቁልኝ፤ ምንጣፉን ያጠብኩት ትናንት ነው" አለችው ለኢድር።

ኢድር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተረጎመ። የኔ ፈረንሳይኛ ከሻንጣ ብዙም አያልፍም፤ ቢሆንም "ተራራው እግራችሁን ይባርክ ትላችኋለች" ማለቱ ገባኝ። ወይዘሮ ግሬት የሚሏት ጡረታ የወጣች መምህርት ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ምንጣፉ ላይ በጫማዋ ቆማ ነው የጻፈችው።

"ምን አላቸው?" አለችኝ እማማ ይጃ።

"ባርከሻቸዋል።"

"እኔ? እኔ ጫማ ነው ያልኩት።"

"እግራቸውን ነው የባረክሽው። ተቀራርቧል።"

በሦስተኛው ቀን ራሱን የተራራው ልጅ የሚለውን ኢድርን ጉልበቱ ከዳው። ከሁለቱ በቅሎዎቼ በአንደኛዋ ላይ ወጣ፤ የበቅሎዋን ጭነት ከፊሉን ለሌላዋ፣ ከፊሉን ለእኔ ጀርባ አካፈልኩት። ለፈረንጆቹ የጥንት አለቃ በእግሩ እንደማይሄድ ነገራቸው። ወይዘሮ ግሬት ይህንንም ጻፈች።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ደረስን። በቀኝ በኩል ተረተሩን ዞሮ አራት ሰዓት ያስኬዳል። በግራ በኩል አንድ ሰዓት ነው።

"በግራ" አለ ኢድር።

"አይሆንም። አግዳል ነው። ገና አሥር ቀን ይቀረዋል።"

"ሰው አለበት?"

"ሣር ነው ያለበት።"

"ታዲያ ሣሩ ለማን ይናገራል?" አለና የበቅሎዋን ሆድ በተረከዙ መታ። ወደ ፈረንጆቹ ዞሮም የአያቶቹን መስክ ሊያሳያቸው እንደሆነ ተናገረ።

የበረዶውን ወራት በገለባ የከረመች በቅሎ ጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ስትገባ የምታደርገውን አደረገች። ልጓሟን ልይዝ ሮጥኩ። ስደርስ አራተኛ ጉርሻዋ ላይ ነበረች።

አያ ሃዱ ከድንጋይ ሥር ተነሣ። የአግዳሉ ጠባቂ እሱ ነው፤ ከአባቴ ጋር ያደገ ሽማግሌ ነው። አልጮኸም። ቀስ ብሎ መጥቶ መጀመሪያ የተበላውን ቦታ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ቡጅምዓ፣ አባትህ ይህን ሣር አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል።"

"አውቃለሁ አያ ሃዱ።"

"በቅሎዋ አታውቅም።"

"አታውቅም።"

"ላይዋ ያለውስ ማን ነው?"

ሕጋችን አጭር ነው። ሣሩን ያስበላ ሰው ለሸንጎው አንድ በግ ያርዳል፤ የዚያን ዓመት ከብቱም አግዳል አይገባም። ያስበላው ባዕድ ከሆነ ግን ባዕድ ስለማያውቅ አይቀጣም፣ የበቅሎዋ ጌታ ይቀጣለታል።

አራት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል በአፌ ይዤ ነበር። ማራካሽ የምትል ቃል። ሰው ባለበት፣ ደህና ቦታ ላይ፣ ጥምጥሙ እስኪፈታ ድረስ ልላት ነበር። ይኸው ቦታው ተገኘ፤ አፌንም ከፈትኩ። ከዚያ አርባ ሦስቱ በጎቼ መጡብኝ። የሚበሉትን ካጡ ገበያ መውሰዴ ነው። የከሳ በግ የሚገዛው ደግሞ ባለ ሥጋ ቤት ነው፤ ምናልባትም የረድዋን አባት።

"የኛው ልጅ ነው" አልኩ።

አያ ሃዱ ጥምጥሙን አየ። ረጅም ጊዜ ነው ያየው።

"ጆሮውን ያመዋል?"

"አያመውም።"

"እንዲያ ጠቅልሎት ሳይ ጊዜ ነው።" ወደ ኢድር ዞረ። "አንተ ልጅ፣ አጥንትህ ከማን ነው?"

እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ የአራት ዓመት ልጅ ይመልሰዋል። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ከየትኛው ቤት እንደተወለደ ይናገራል። ኢድር ከቋንቋችን የሚያውቀው ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከአባቱ ሥጋ ቤት ደንበኞች የለቀማቸው ጥቂት ቃላት ነው። አጥንት ከነዚያ አንዱ ነበር። ፊቱ በራ።

"አጥንቴ ደህና ነው አባባ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጉልበቴ ነው እንጂ።"

የበቅሎዋን ልጓም ሳብ አደረግኩ።

"ይቀልዳል" አልኩ።

"አልቀለደም" አለ አያ ሃዱ።

"ከተማ አድጎ ነው። የአክስቴ የቱዳ ልጅ ነው።" አክስቴ ቱዳ በወጣትነቷ ከተማ ወርዳ እዚያው የቀረች ናት፤ ትውለድ አትውለድ ያጣራ ሰው የለም።

"የቱዳ?" ሽማግሌው የኢድርን ፊት ቀና ብሎ አየ። "ቱዳ እኮ ቆንጆ ነበረች።"

"አባቱን ወጥቶ ይሆናል።"

ወደ በቅሎዋ ጠጋ ብዬ በዓረብኛ ሹክ አልኩት። "ከእንግዲህ የአክስቴ ልጅ ነህ። ባዕድ ነኝ ካልክ በጎቼን ታስጨርሳለህ።"

"እሺ ካልኩስ እኔ ምን እሆናለሁ?"

"በጎችህ አግዳል አይገቡም።"

"በግ የለኝም።"

"ለዚህ እኮ ነው። አንድ በግ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ታርዳለህ።"

"እሱ ከአባቴ ቤት ይመጣል" አለ። ወደ ፈረንጆቹ አየ። ወይዘሮ ግሬት እርሳሷን አንሥታ ትጠብቃለች። ከበቅሎዋ ወረደ፣ ጉልበቱንም ረሳው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሰባቱ ዓረፍተ ነገር የሚወደውን አወጣ። "እኔ የተራራው ልጅ ነኝ።" ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ደግሞ በዓረብኛ ጨመረበት።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ምን እንደተባለ አላወቁም። እሱ ግን ሲዋሽ የኖረውን አንድ የተራራ ሽማግሌ የተቀበለለት መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንደዚያ ቀን ንቄው አላውቅም። እንደዚያ ቀንም ፈልጌው አላውቅም።

አያ ሃዱ ራሱን ነቀነቀ። "ደግ። የቱዳ ልጅ ከሆነ የቱዳ ድርሻ አለበት። ቦዩን በደቦ ስንጠርግ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ከቱዳ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወጣ የለም። የፊታችን ሐሙስ ነው። ከእንግዲህም በየዓመቱ። ካልመጣ ግን ቡጅምዓ፣ የማልከው አንተ ነህ።"

"መቼ ማልኩ?"

"አሁን ትምላለህ።"

ማልኩ።

በማግስቱ ፈረንጆቹን መኪናው ጋ አደረስን። ረድዋን ጥምጥሙን ፈትቶ ከቦርሳው ከተተና እንደሚመጣ ነገረኝ። የሚነግረውን ነገር ሁሉ አምስት ቀን ሙሉ ሰምቼ ስለነበር አላመንኩትም። በጎቼን ሳያቸው እነሱም የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መንደሩ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ቦዩ ላይ ወጣ። ፀሐይ ከፍ እስክትል የቱዳ ቦታ ባዶ ነበር። አያ ሃዱ ባዶውን ቦታ ያያል፣ እኔን ያያል። ከዚያ ሰማያዊው ጥምጥም ብቅ አለ። አንድ በግ እየጎተተ ነው። ከኋላው ዘጠኝ ፈረንጆች እጃቸው ላይ ጓንት፣ ትከሻቸው ላይ አዲስ አካፋ አድርገው ይከተሉታል። የአባቶቹን ደቦ በእጃቸው እንዲቀምሱ ይዟቸው መጣ። ይህን ለመቅመስ ደግሞ ከፍለዋል።

እስከ ቀትር ቆፈሩ። ጭቃውን በደስታ ነው የሚያወጡት፤ ቅዱስ ነው ብሏቸዋል መሰለኝ። ዕረፍቷን ያራዘመችው ወይዘሮ ግሬት ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባች። እማማ ይጃ ከዳር ቆማ አየቻት።

"አሁን ገባት" አለች።

ቦዩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ኢድር ከአያ ሃዱ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ ከላይ ከፍ አድርጎ እየቀዳ፣ ግማሹን እጁ ላይ ያፈሳል።

"የቱዳ ልጅ ደህና ነው" አለኝ አያ ሃዱ።

"አካፋ አልነካም" አልኩ።

"ቱዳም አትነካም ነበር።"

በቀኑ አግዳሉ ተከፈተ፤ አርባ ሦስቱም ገቡ። ረድዋን አሁን ከፈረንጆች ጋር ሲመጣ ገና ከሩቅ "የአክስቴ ልጅ" ብሎ ይጠራኛል፤ ሰው ፊት ነውና አቤት እላለሁ። ከዚያ ሻንጣውን ከመጫኔ በፊት ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ከልቤ ነው፤ ደቦው በየዓመቱ ነው፣ የማልኩትም እኔ ነኝ።