ሙስታንጓ በደብረ ሲና ዳገት

ልጄ ደረጄ መኪናዬን ለሽያጭ ማውጣቱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ራዲያተር የሚበይደው አብዱረሂም ስልኩን ይዞ ግቢዬ ገባና «እትዬ እቴነሽ፣ ይቺ የእርስዎ ፈረስ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ቴሌግራሙን አሳየኝ። እሷው ናት። ግቢዬ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች፣ ቢጫ ቀለሟ ከሩቅ ይታያል። «ብርቅዬ ሙስታንግ፣ በፈረንጅ 1969 የተሠራች፣ በሀገር ውስጥ ሁለተኛ የማይገኝላት» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ የልጄ ስልክ ቁጥር አለ። ደሜ ፈላ።

እውነቱን ለመናገር ግን ደረጄ አልሰረቀኝም፤ ጠይቆኛል። ለፋሲካ መጥቶ ሳለ «እማዬ፣ መኪናዋን እንሽጥ፣ ቤቱን እናከራየውና አንቺ አዲስ አበባ እኔ ጋ ነይ፤ ይሄ ሙቀት ለደም ግፊትሽ ጥሩ አይደለም» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ታዲያ ምን ልበል? ልጅ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ መድኃኒት ገዝቶ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኖ፣ ፊት ለፊቱ እምቢ ይባላል? ይሉኝታ ይዞኝ እሺ አልኩና ነገሩን ለጊዜ ተውኩት። እሱ ደግሞ እሺታዬን ተሸክሞ አዲስ አበባ ገባ፣ ገዢ ፈለገ፣ አገኘ።

መኪናዋ ከሄደች እኔም ሄድኩ ማለት ነበር። የደረጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ክረምት ከርሜበት አውቀዋለሁ፤ ወንበር መስኮቱ ሥር ያስቀምጡልኛል፣ እዚያ ተቀምጬ የሰው ጣሪያ ሳይ እውላለሁ። ምራቴ ክፉ አይደለችም፣ ትንከባከበኛለች፤ ግን ሽንኩርት እንኳን አታስልጠኝም። እስከ ዛሬ «ነይ እንሂድ» ባለኝ ቁጥር «መኪናዋን ለማን ጥዬ?» እያልኩ አመልጠው ነበር። እሷ ከተሸጠች ሌላ ማምለጫ የለኝም።

ባለቤቴ ተፈራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሙስታንጓን የገዛት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ጥግ አቧራ ለብሳ አግኝቷት ነው፤ አሜሪካዊ ጌታዋ በአብዮቱ ጊዜ ጥሏት ሄዶ ኖሯል። ሲያመጣት ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። ግንባሯ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ስላለ ከተማው በዚያው ፈረስ ብሎ ጠራት። በሸዋ ሮቢት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሙሽራ አጅቦባታል፤ አብዱረሂምም ሚስቱን መሊካን ያመጣት በእሷ ነው። ተፈራ ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃድ አወጣሁና መሪውን እኔ ያዝኩ። የባጃጅ ሹፌሮች መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ድምጿን ሲሰሙ መንገድ መልቀቅ ለመዱ።

ሊብሬው አሁን በስሜ ነው፤ እኔ ካልፈረምኩ አትሸጥም። ስለዚህ የሚጠበቅብኝ እምቢ ማለት ብቻ ነበር። ደረጄ ደውሎ «ገዢው ቅዳሜ ይመጣል» ሲለኝ ቃሏ ጉሮሮዬ ድረስ መጣችና ተመለሰች። «ይምጣ፤ ግን በደንባችን ነው የምሸጠው» አልኩት።

ደንባችን ይሄ ነው፤ በእኛ ከተማ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ደብረ ሲና ድረስ ያስወጣታል። ሜዳ ላይማ ሁሉም መኪና ጀግና ነው። ሳትፈላ ዳገቱን ከጨረሰች ትሸጣለች። ከፈላች ገዢው አመስግኖ ይሄዳል፣ ሻጩም አይቀየምም። እኔ ይቺን ነበር የፈለግኳት። እሷ ትፈላለች፣ ሰውየው ይሄዳል፣ እኔም ልጄን ሳላስቀይም ቤቴ እቀራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አብዱረሂም ኮፈኗን ከፍቶ አየ። «እትዬ፣ ውሃዋ ጎድሏል፤ ልሙላው?»

«ተወው።»

«በዚህ ውሃ እኮ የአርማንያን ከተማ እንኳ አያልፉም!»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

ትክ ብሎ አየኝና ገባው። «አስተግፊሩላህ! እሷ ምን አደረገች እትዬ? ጠብዎ ከልጅዎ ጋር ነው» አለኝ። ኮፈኑን ዘጋና አንድ ጄሪካን ውሃ ሳያስፈቅደኝ ከኋላ ጭኖልኝ ወጣ። ተናደድኩበት፤ ግን ጄሪካኑን አላወረድኩትም።

ገዢው ሳሙኤል ይባላል። ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለኝ። የራሱን መኪና ሹፌሩ እያሽከረከረ እንዲከተለን አደረገና እኔ አጠገብ ተቀመጠ። አብሮት የመጣው ደረጄ ከኋላ ጉልበቱን አጥፎ ገባ። የሽንኩርቱን ማሳ አልፈን ስንወጣ ሳሙኤል ስለ አሮጌ መኪኖቹ አጫወተኝ። አዳራሽ ሠርቶላቸዋል፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው መስታወት ነው አለኝ።

«ማን ይነዳቸዋል?» አልኩት።

«ማንም እናቴ። እንዲህ ዓይነት መኪና አይነዳም፤ ይታያል። አቧራ እንኳ አይነካትም፣ አያስቡ።»

መስኮቱ ሥር ያለው ወንበሬ ትዝ አለኝ።

አርማንያን አልፈን ጠመዝማዛው ሲጀምር የሙቀት መለኪያዋ መውጣት ጀመረች። ከፊታችን ተሳቢ መኪኖች ተደርድረው ያቃስታሉ። የሚያውቋት ሹፌሮች ጥሩምባ ይነፉላታል፤ አንዱ አንገቱን አውጥቶ «የጋሼ ተፈራ ፈረስ!» ብሎ ጮኸ። እኔ መለኪያዋን እያየሁ ነበር። በይ፣ ፍዪ፣ ገላግዪኝ እላታለሁ በሆዴ። ሁለት መታጠፊያ ሳንሄድ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎቱ ወጣ። ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ልቤ በደስታ ይመታል።

«አየህ ልጄ፣ ፈላች» አልኩት ሳሙኤልን ፊቴን አሳዝኜ። «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው።»

ሳሙኤል ወርዶ ዞራትና ፈገግ አለ። «ኧረ ችግር የለም! መውጣቷ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው መልኳን ነው። ሞተሯ ቢሞትም እወስዳታለሁ። አሁኑኑ መኪና የሚጭን ሎቤድ ልጥራና ከዚሁ ተጭና አዲስ አበባ ትግባ።» ስልኩን አወጣ።

ደረጄም «እማዬ፣ ጥሩ ሰው ነው ያገኘነው» አለኝ።

ያኔ ነው የነደድኩት። ተንኮሌ ስለከሸፈ ብቻ አይደለም። ለማዳን ብዬ በሰው ፊት አዋረድኳት፤ ሰውየው ደግሞ ብትሞትም ግድ የለውም። የሚያልፉት ሹፌሮች ቀስ እያሉ ያዩናል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጭራሽ «እማማ፣ አረጀች መሰለኝ፤ ይሽጧት!» ብሎኝ አለፈ።

«ስልኩን አስቀምጥ» አልኩት ሳሙኤልን። «ተጭና አትሄድም። ደረጄ፣ ከኋላ ውሃ አለ፣ አምጣ።»

ፈልታ ሳለች የራዲያተሯ ክዳን አይከፈትም፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስክትበርድ ጠበቅኩ። እነሱ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ምንም አልቸኮልኩም። ስትበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ፣ ሞተሯን አስነሳሁና ውሃውን ቀስ እያልኩ አጠጣኋት። ከዚያ ግቡ አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የነዳሁትን አነዳድ ተፈራ እንኳ ነድቷት አያውቅም። ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ስሰጣት ገደሉ ድምጿን መልሶ ያስተጋባል። ተሳቢዎቹን አንድ በአንድ አለፍኳቸው። አረጀች ያለኝን ሚኒባስም አለፍኩት፤ ሳልፈው ጥሩምባዬን አስረዝሜ ነፋሁለት። ዕድሜዬን አስቤ ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። ሳሙኤል የበሩን እጀታ ይዟል። ደረጄ «እማዬ ቀስ፣ እማዬ ቀስ» ይላል። የደብረ ሲና ጉም በመስኮት ሲገባ መለኪያዋ ከመሀል አልተነቃነቀችም ነበር።

ቆሎ ሻጮቹ ጋ አቆምኩ። ሳሙኤል ወርዶ አጨበጨበ። «እናቴ፣ ይሄማ ሌላ ነው! ካልኩት ዋጋ ላይ እጨምራለሁ።»

«አልሸጥም» አልኩት።

ቃሏ እንዲህ ቀላል መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ምን ጎደለ? የቅድሙ ቃሌ አስቀይሞዎት ከሆነ...»

«ምንም አልጎደለም። አንተም አላጠፋህም። አልሸጥም ብቻ ነው።»

ደረጄ ፊቱ ቀላ። ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «እማዬ፣ ሰው ፊት ምን ታደርጊኛለሽ? እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬህ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ዛሬ ለቀቀኝ። መኪናዋን አልሸጥም፣ ቤቴን አላከራይም፣ አራተኛ ፎቅም አልወጣም።»

«ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው? ሙቀቱ እኮ ይገድልሻል!»

«ሙቀቱ የኔ ነው። አንተ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ ከምድን፣ ሮቢት እየነዳሁ ብሞት ይሻለኛል።»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። አንጀቴን በላው። ልጄ ነው፣ ለኔ ማሰቡንም አውቃለሁ። ልቤ ሲባባ ግን እሺ እንደምል ስለማውቅ ቶሎ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

«ከኔ ጋር ከሆንክ ግባ። ከሱ ጋር ከሆንክም በሰላም ግቡ። እኔ ወደ ቤቴ ነኝ» አልኩት በመስኮት።

ትንሽ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ዞሮ የሳሙኤል መኪና ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። እነሱ በጣርማ በር ወደ አዲስ አበባ ወጡ፣ እኔ ቁልቁል ወረድኩ። እስከ አርማንያ አለቀስኩ። አንዴም ግን ልመለስ አላልኩም።

ማታ ደወለ።

«ገባሽ?»

«ገብቻለሁ።»

«ሳሙኤል ሐሳብሽን ከቀየርሽ በማንኛውም ጊዜ እመጣለሁ ብሏል።»

«ይምጣ። ምሳ አበላዋለሁ። መኪናዋን አልሸጥለትም።»

«እኔስ ስመጣ?» አለኝ።

«አንተማ ቤትህ ነው፣ ና። ልትወስደኝ ከሆነ ግን እንዳትመጣ።»