ፀዳል ብትሆን ምን ትል ነበር

ስልኩ ፈትለወርቅ ጭን ላይ ሲንዘፈዘፍ ሳሎኑን የሞላው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ዝም አለ።

«ግዛው ነው?» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይደለም። ናዝራዊት ይላል።»

«እንግዲያ ተዪው።»

መተው ቀላል መስሏቸው! ስልኩ የሟቿ ነው። የፈትለወርቅ ታናሽ እህት ፀዳል ቅዳሜ ከሰዓት «ራሴን» ብላ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች። ዛሬ ሰኞ ነው። ወንድማቸው ግዛው ግን አልሰማም። የጭነት መኪና እየነዳ ከኔብራስካ ወዲያ ነው፤ የሚገባው ነገ ነው። መሪ ለጨበጠ ሰው መርዶ አይነገርም ብለው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ፣ ለሩቅ ሰው አይነገር፣ ለቅሶውም ጩኸት አይኑረው ተባለ። ፈትለወርቅ የእህቷን ስልክ ታቅፋ የዋለችው ግዛው ደውሎ ባይነሳለት እንዳይጠረጥር ነው። ትናንት ሁለቴ ሲደውል «ሻወር ገብታለች» ብላ ዋሸችው። እግዜር ይቅር ይበላት።

ስልኩ ጸጥ አለና እንደገና ጀመረ። በሦስተኛው ጥሪ መኝታ ቤት ገብታ አነሳችው።

«እትዬ ፀዳል! ተመስገን!»

«ፈትለወርቅ ነኝ ልጄ።»

«ውይ፣ እትዬ ፈትለ! በናትዎ ያገናኙኝ። ዳውንታውን ጋራዥ ውስጥ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ነኝ። ሚቲንጌ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።» ፀዳል የምትመክራት ናዝራዊት ትንፋሿ ይቆራረጣል። «የሾሙኝ ሰዎች ራሳቸው በስምንተኛው ወር ሊያወርዱኝ ነው። ‹ወደ ድሮ ቦታሽ ለመመለስ ተስማምቻለሁ› የሚል ወረቀት አዘጋጅተዋል። ልፈርም ወይስ አልፈርም? ዓርብ ነግሬያት፣ ሰኞ ከመግባትሽ በፊት ደውይልኝ ብላኛለች።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።»

ፈትለወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። መርዶ ደጋፊ ሰው ባለበት፣ ቁጭ ተብሎ ነው የሚነገረው። ጋራዥ ውስጥ ብቻዋን ለተቀመጠች ልጅ፣ ያውም በስልክ፣ እንዴት ተደርጎ!

«ተኝታለች» አለች።

«ይቀስቅሷት! አትቆጣም እኮ።»

«አልቀሰቅሳትም ልጄ። ደክሟታል።»

«እንግዲያውስ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች ናዝራዊት። «አብራችሁ ነው የምትኖሩት። እሷ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር?»

እውነቱ ሲነገር ፈትለወርቅ የእህቷን ምክር የሰማችው በግድግዳ በኩል ነው። ፀዳል ሆቴል ውስጥ አንሶላ ከማጠብ ተነስታ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስልሳ ሰው እስከማዘዝ የደረሰች ሴት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ክፍል ትይዝና ቢሮ የሚሠሩ ጥቁር ሴቶችን ትሰበስባለች፤ ሐበሻዋን፣ ኬንያዊቷን፣ እዚሁ አገር የተወለደችውን። «ስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፈሽ አትቀመጪ፤ ወደ ጠረጴዛው ተጠጊ። ንግግርሽን በይቅርታ አትጀምሪ። ያንቺን ሐሳብ ሌላው የራሱ አስመስሎ ሲደግመው፣ ስለደገፍከኝ አመሰግናለሁ በይው!» ትላቸዋለች። ማታ ደግሞ በስልክ ነው፤ አንዷ ስትዘጋ ሌላዋ ትደውላለች።

ፈትለወርቅን ግን አልቻለቻትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ የሠራችውን እህቷን «ለሱፐርቫይዘርነት አመልክቺ» ብላ ስንቴ ለምናታለች! «ወዲያ! እኔ ደግሞ ማንን ላዝ ነው?» ነበር መልሷ። ያቺ ሰው ሁሉ የሚፈራት ፀዳል ታዲያ፣ ትልቅ ስብሰባ ባላት ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ፣ «አልስማማም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ደጋግማ ትለማመድ ነበር። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ፈትለወርቅ በሩ ላይ ቆማ ትስቅባት ነበር። ምን አሳቃት? አሁን ያ ሳቅ አንጀቷን አቃጠላት።

ስለ መፈረምም ሰምታለች። አንድ ቀን «እዚያው እንዳትፈርሚ፤ ወረቀቱን ይዘሽ ውጪ» ስትል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ለሌላዋ «ፈርሚ፤ ቀን ጠብቀሽ ትመለሽባቸዋለሽ» ስትል። ለየትኛዋ ለምን እንዳለች ግን እንጃ። በግድግዳው የሚያልፈው የፀዳል መልስ ብቻ ነበር።

«እትዬ ፈትለ? ልገባ ነው።»

«አትፈርሚ» አለች ፈትለወርቅ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«እንደዚያ ብላለች?»

«…ብላለች።»

«ተባረኩ! ሳሙልኝ እሷን!» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ፈትለወርቅ ሰው መጣ ሄደ አታውቅም። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፣ ሰዓት ታያለች። ምግብ ቢያቀርቡላት ገፋችው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሐዘኑ መስሏቸው «አይዞሽ፣ እህል ቅመሺ» አሏት። ሐዘኑማ ነበር። ግን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅም ከፊቷ አልጠፋ አለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ናዝራዊት ነበረች፤ የቢሮ ልብሷን እንደለበሰች፣ ዕቃዋን የያዘ ካርቶን አቅፋ። «ለእትዬ ፀዳል ልነግራት…» ብላ ጀመረችና ደጃፉ ላይ የተከመረውን ጫማ፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ አየች። ካርቶኑ ከእጇ ወደቀ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሮጠው ደገፏት።

«ነፍሷን ይማር በይ ልጄ።»

ጩኸት አይሰማ የተባለው ሁሉ ቀረ። ልጅቷ ደረቷን እየመታች «እናቴ! እናቴ!» አለች፤ ቤቱም አብሮ አለቀሰ። ሲበርድላት ቀና አለች።

«መቼ?»

«ቅዳሜ» አለች ፈትለወርቅ።

ናዝራዊት ቀናቱን በጣቷ ቆጠረች። «ታዲያ ዛሬ ጠዋት… አትፈርሚ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልፈርምም ስላቸው እንግዲያው ዛሬውኑ ልቀቂ አሉኝ። በዘበኛ ነው ያስወጡኝ።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «የመስፍን የኩላሊት እጥበት እኮ በዚሁ ሥራዬ ኢንሹራንስ ነው የሚሸፈነው፣ እትዬ። እሷ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ባሌ ነበር። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ፣ እሷ ቀድማ አስባበት ነው ብዬ…»

ናዝራዊት ጎንበስ ብላ የወደቀውን ካርቶን አነሳች።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«አላውቅም የኔ ልጅ» አለች። «እሷ ነበረች የምታውቀው። እኔ ምንም አላውቅም።»

ናዝራዊት ደጃፉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ፈትለወርቅ ከፍራሹ እንደምንም ተነስታ ሄደችና እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«ኧረ እትዬ! ምን ሆነው ነው? በሞቴ ይነሱ!»

አልተነሳችም። አንዱን ባለ ተረከዝ ጫማ አወለቀችላት፣ ከዚያ ሌላውን፤ ጎን ለጎን አድርጋም ከለቀስተኞቹ ጫማ አጠገብ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠቻቸው። «ግቢ፣ አብረን እንቀመጥ» አለቻት።