ስትሮጥ የምትጠማዋ ጎልፍ

እሁድ ጠዋት የናዚም ጎልፍ እያሳለች ግቢዬ ስትገባ ድምጿን ሰምቼ ከአልጋዬ መነሳት አስጠላኝ። ሁለት ሞተር ያቀለጠች መኪና ናት። ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሦስተኛውንም የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ እሱም ይኸው የሞቱትን መንገድ ጀምሯል። ወገቤን ይዤ ወጣሁ።

ሰፈራችን ሚችልስ ፕሌን ውስጥ ቱርቦ የሚገጥም ሰው ሞልቷል፤ ስም ያለው ግን ጥቂት ነው። እኔም ነበረኝ። "ቡታ ኢግሻን የሠራት ከሆነች ሜዳው ላይ አታፍርም" ይባልልኝ ነበር፤ ቡታ እኛ ጋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ናዚም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የመኪና ውድድር መሀል ጭስ ተከናንቦ ከቆመ ወዲህ ግን ደንበኞቼ በደጄ አልፈው ሌላ ጋ መሄድ ጀመሩ። መስጊድ በር ላይ ጫማ ስናወልቅ "የኢግሻን እጅ አልቋል" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ከቀለጠ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሌላ ሙያ አልማርም።

ጎረቤቴ ቶየር የሻይ ኩባያውን እንደያዘ አጥሩ ላይ ተደግፏል።

"አሁንም እሷው ናት? ለምን መኝታ ቤት አትሠራላትም?"

"አንተ ሻይህን ጠጣ።"

"እየጠጣሁ ነው። ቀብር ሳይ ሻይ ይጥመኛል።"

ናዚም ሳቀ። እኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

ሕመሟን አውቀዋለሁ፤ ያጣሁት ምክንያቱን ነው። ቱርቦ ሞተሩ ውስጥ አየር በጉልበት ይጨምራል፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም መብዛት አለበት። የሷ ግን ልክ አየሩ ሲበዛ የቤንዚኑ ግፊት ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ ያለ ልክ ይግልና ፒስተኑ ይቀልጣል፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ ከሆነ ነጂውንም ሊገድል ይችላል። ቆማ ስትሠራ ምንም የላትም፤ ስትሮጥ ነው የምትጠማው።

የግፊት መለኪያውን በረጅም ቱቦ ከኮፈኑ ስር አውጥቼ የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር አጣበቅኩትና በባሕሩ ዳር መንገድ ይዣት ወጣሁ። ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ረገጥኩ። ቱርቦው ማፏጨት ሲጀምር ሽቅብ መውጣት የነበረበት መርፌ ቁልቁል ወረደ። እግሬን ቶሎ አነሳሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ናዚም መርፌውን ትቶ ባሕሩን ያያል። ሞተሩ ሊሞትበት የደረሰ ሰው ባሕር ማየቱ ገረመኝ፤ ግን ደክሞኝ ስለነበር አልጠየቅኩትም።

ግቢ ተመልሰን አንድ በአንድ ያዝኩት። ፊልትሮው አዲስ ነው። ቱቦው አልተጣመመም፣ አያፈስም። የግፊት መቆጣጠሪያውን ከዚህ በፊት ቀይሬዋለሁ። የቀረው ፓምፑ ነበር፤ እሱን ናዚም ራሱ ነው ገጥሞ የሚያመጣልኝ። አውጥቼ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ሳስነሳው እንደ ጎረምሳ ገፋ። ጤነኛ ነው። እንግዲያው የማይደርሰው ኤሌክትሪኩ ነው።

"የኋላውን ወንበር አንሣ፣ ሽቦውን ልከተለው" አልኩት።

"ወንበሩን ተዉት ቡታ። ለምን ትልቅ ፓምፕ አንገጥምላትም?"

"ትልቁማ የባሰ ይራባል። አንሣ!"

"ቁርስ አልበሉም አይደል? ዳቦ ላምጣ" አለና መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።

ወንበሩን ራሴ አነሳሁት። ምንጣፉ ስር የበር ደወል ሽቦ የመሰለ ቀጭን ነገር አገኘሁ። ወደ ፓምፑ የሚሄደው መስመር መሀል ላይ ተቆርጦ እሱ ተቀጥሎበታል። ተከተልኩት። የደኅንነት ቀበቶው ስር ወደተሸጎጠች ትንሽ ማጥፊያ ወሰደኝ። ሰፈራችን ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሌሊት ከደጅህ መኪና የሚሰርቅ ቤንዚን እንዲያጣ ሁሉም ሰው ድብቅ ማጥፊያ ያስገጥማል፤ የት እንዳለ ለወንድሙም ለመካኒኩም አይናገርም። ፓምፑን መልሼ አስነሳሁና ለካሁ። ከባትሪው ሙሉ የወጣው ቮልት ፓምፑ ጋ ሲደርስ ሩቡ ጎድሏል። መኪናዋ ተራ በነበረች ጊዜ ያ ሽቦ ይበቃት ነበር፤ የቱርቦው ትልቅ ፓምፕ ሲመጣ ግን አንቆ ያዘው።

ሽቦውን እንደያዝኩ የናዚም እናት፣ በሰፈራችን አጠራር ቲቲ (እትዬ) ጋዲጃ፣ እንደ እሁድ ልማዷ ኮኮናት የተነሰነሰበት ትኩስ ኩሲስተር የሚባል ጣፋጭ የተጠበሰ ሊጥ በሳህን ይዛ ገባች። እጄን አየችና ደነገጠች።

"አገኘኸው?"

"እርስዎ ነዎት ያስገጠሙት?"

"ቀስ በል፣ ቶየር ይሰማል!" ተጠጋችኝ። "ሪድዋን ከሞተ በኋላ ነው። የበኩር ልጄ በፒጃማ ነው የወጣው እኮ፣ ሌቦች መኪናውን ሲያስነሱ ሰምቶ። ባይነሳላቸው ኖሮ ትተውት ይሄዱ ነበር፤ እሱም ከእንቅልፉ ባልነቃ፣ ባልተኮሱበት። ናዚም ሲተኛ ወጥቼ አጠፋዋለሁ፣ ለፈጅር ሶላት ስነሳ አበራዋለሁ። እሱ አያውቅም። ካወቀ ይነቅለዋል። አደራህን ኢግሻን።"

"አልናገርም።"

ልትሄድ ብላ ተመለሰች። "ሞተሩን የሚገድለው እሱ ነው እንዴ?"

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን አየሁትና ዋጥኩት።

"የለም ቲቲ፣ ከሱ ጋር አይገናኝም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው።"

"አልሀምዱሊላህ!" ብላ ባለቤቴን ሰላም ልትል ወደ ውስጥ ገባች።

ናዚም ዳቦውን ይዞ ሲመለስ የተነሳውን ወንበር አይቶ ቆመ።

"አዩት።"

"ታውቅ ነበር?"

"ፓምፑን ስገጥም ነው ያገኘሁት። ሁለተኛው ሞተር ሲሄድ ደግሞ ጠረጠርኩ።"

"እና ዝም አልክ? ስሜ በየደጁ ሲጎተት እያየህ?" ልመታው ቃጣኝ።

"ብነግርዎት ይሠሩታል። ከዚያ ምን ሆና ነበር ብሎ ሰው ይጠይቃል፣ ወሬው እናቴ ጋ ይደርሳል። ልጄን ያድናል ያልኩት ነገር ሊገድለው ነበር ብላ ዳግመኛ ትተኛለች?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌሊት ስትወጣ እሰማታለሁ። ተመልሳ ስታንኮራፋም እሰማለሁ። ሪድዋን ከሞተ በኋላ እኮ አታንኮራፋም ነበር፣ ቡታ።"

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም፤ ከሁለቱም በላይ ግን ደክሞኛል።

ከዚያ ተነስቼ ሠራሁት። ከባትሪው እስከ ፓምፑ ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁ፣ መሀሉ ላይ ሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚከፍት ማብሪያ፣ አስገባሁ። የእናትየው ማጥፊያ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት፤ አሁን የምታዘው ሪሌውን ብቻ ነው፣ የፓምፑ ጉልበት በሷ በኩል አያልፍም። ስታጠፋት ትጠፋለች፣ ስታበራት ትበራለች። ወደ ባሕሩ መንገድ ወጥተን ረገጥኩ። ቱርቦው አፏጨ፣ መርፌው አብሮት ወጣ፣ እዚያው ቆመ። ናዚም ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ስንመለስ ቶየር አጥሩ ላይ አለ፤ ከመስጊድ የሚመለሱ ሁለት ሰዎችም አብረውት ቆመዋል። ቲቲ ጋዲጃና ባለቤቴ በረንዳ ላይ ናቸው።

"እህ? ምን ሆና ኖሯል?" አለ ቶየር።

ይህን ጥያቄ በሰው ፊት እንዲጠይቁኝ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። መልሱም አለኝ። ናዚም መሬት መሬት ያያል፤ እናቱ ደግሞ እኔን ታያለች።

"የኔ ጥፋት ናት" አልኩ። "ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ስር፣ ለፓምፑ ቀጭን ሽቦ ቀጥዬበት ኖሯል።"

"ሁለቱም ሞተር? በሽቦ?"

"በሽቦ።"

ያ ለነገር ሁሉ ቀልድ የማያጣ ሰው ቀልድ አጣ። "አይ ኢግሻን" ብቻ አለ። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ናዚም አፉን ከፈተ፤ አፍጥጬ አየሁትና ዘጋው።

ቲቲ ጋዲጃ ከበረንዳው ወረደች። "ልጄን ልትገድልብኝ ነበር እኮ! አንዱን ቀብሬ! እኔ ደግሞ በየእሁዱ ኩሲስተር አመላልስልሃለሁ!"

"ይቅር ይበሉኝ ቲቲ" አልኳት።

"ሁለተኛ መኪናውን እዚህ አያመጣትም!"

ልጇን ክንዱን ይዛ ወሰደችው። አጠገቡ ተቀምጣ ቀበቶዋን ስታስር አየኋት። ጎልፏ ሳታስል ከግቢዬ ወጣች። ዛሬም ማታ ወጥታ ማጥፊያዋን ታጠፋለች፣ ተመልሳም ትተኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ያኔውኑ አውቄዋለሁ።